በአስተርጓሚው አፍ የቀረ መርዶ

ምግብ ጉሮሮው ላይ እየቆመበት የሚቸገር፣ ሐኪምም «ምንም የለህም» ብሎ የመለሰው ሰው ካለ፣ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። አስታማሚዎችም ቢያነቡት አይጎዳቸውም፤ እንዲያውም ከታማሚው ይልቅ እነሱ ቢያነቡት ይሻላል። እኔ የቆዳ ነጋዴ ነኝ። አሰላ ተወልጄ አሰላ አደግሁ። ትምህርቴ ከፊደል ገበታ ብዙም አልራቀም፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። የሕክምና ቃል ከሳትኩ ሐኪሞች ይታገሱኝ፤ እኔም እነሱ ጉሮሮዬን ዓመት ሙሉ ሲስቱት ታግሻቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሸሪኬ በከድር ሞት ነው። ከድር የኦጎልቾ ልጅ ነበር፤ በኦሮምኛ ይገዛል፣ በአማርኛ ይሸጣል፣ በሁለቱም ይቀልዳል። ከዲክሲስና ከኦጎልቾ ቆዳ ሰብስበን፣ ጨው ነስንሰን አድርቀን፣ በጭነት መኪና አዲስ አበባ እናደርሳለን። ልማዳችን አንዳችን ጋቢና፣ አንዳችን ጭነቱ ላይ ነው፤ ጭነት ላይ ሰው ካልተቀመጠ ቆዳው መንገድ ላይ ይቀንሳል። በየጉዞው እንፈራረቃለን። የዚያን ቀን ጭነት ላይ የመውጣት ተራው የእኔ ነበር። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ዝናብ ደግሞ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ጉንጬን ያዝኩና፣

«ከድር፣ ጥርሴ ሊገድለኝ ነው» አልኩት።

«ያ ተሰማ፣ ትናንት ያን ሁሉ አጥንት ስትግጥ የነበረው በማን ጥርስ ነው?» አለኝ እየሳቀ። ግን ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ከአንገቱ ፎጣውን ፈትቶ ጉንጬን አሰረልኝ። «ሂንያዳኢን» አለ፤ አታስብ ማለቱ ነው።

ወደ አዋሽ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ፤ መኪናው ተገለበጠ። እኔና ሾፌሩ በመስኮት ወጣን። ከድርን ከቆዳው ስር አወጣነው። ጥርሴ ደኅና ነበር።

በለቅሶው ላይ «የማን ተራ ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩም።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንድ ማታ የገብስ ገንፎ ስበላ አንዱ ጉርሻ መንገድ ላይ ቆመ። አይወርድም፣ አይመለስም። ባለቤቴ ዘነበች ጀርባዬን መታችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፤ ውሃውም በአፍንጫዬ ተመለሰ። በማግስቱ እንጀራ፣ በሳምንቱ ሥጋ፣ በወሩ ሽሮ እምቢ አለኝ። የቀረኝ ወተትና አጥሚት ብቻ ነው። ሌሊት ደግሞ ጋደም ስል የሚያንቀኝ ስለሚመስለኝ ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ ነበር የማነጋው። ዘነበች ነቅታ «ተሴ፣ አለህ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላታለሁ። አንዳንዴ አራት አምስት ጊዜ ትጠይቀኛለች።

ጎረቤት ተሰብስቦ እንጥሌ ወርዷል ብሎ ፈረደ። እንጥል ቆራጩ ሰውዬ መጣና በምላሴ ጥግ የፈረስ ጭራ አስገብቶ ቆረጠው። ደሜን እየተፋሁ «አሁን ዋጥ» አለኝ። አልተዋጠም። «እንግዲያው እንጥል አልነበረም» ብሎ እቃውን ሰበሰበ። እንጥሌን ግን አልመለሰልኝም።

ቀጥዬ ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ቶንሲል ነው ብሎ ዐሥር መርፌ ወጋኝ። ሌላው ጨጓራ ነው አለ። ሦስተኛው የልብ ድካም ነው ብሎ ከደረጃ ከለከለኝ፤ በአሰላ የማውቀው ደረጃ የቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ስለሆነ ቅዳሴ ቀረሁ። በቀበቶዬ ላይ ሦስት አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። የቆዳ ነጋዴ ስለሆንኩ መብሻው ከእጄ አይጠፋም።

ዘነበች የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች አዲስ አበባ ለመሄድ ቆረጥኩ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷት ስለነበር ይህንን እንደ እንቁላል ነበር የምንጠብቀው።

«እኔስ?» አለችኝ። «አንተ ጉሮሮህን ስታሳይ እኔ ብቻዬን ልውለድ?»

«ወርሽ ሳይገባ እመለሳለሁ።»

«ለቆዳ ገዢዎችህም እንዲህ ነው የምትላቸው።»

እውነቷን ነበር። ወንድሟን ደምሴን አደራ ብዬ፣ በቅሎዬን ሸጬ ወጣሁ። ስሳፈር ሾፌሩ ጋቢና ክፍት ነው አለኝ። ጭነት ላይ ወጣሁ።

አዲስ አበባ፣ ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል፣ ተራ የሚያዘው ጎህ ሳይቀድ ነው። አግዳሚው ላይ አጠገቤ አንገቷ በእንቅርት ያበጠ ሴት ተቀምጣ ነበር።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?»

«መዋጥ አቃተኝ፣ እመቤቴ።»

«ምን አግኝተህ ነው የምትውጠው?» አለችና ሳቀች። ከዚያ ከጉያዋ የማር ውሃ ያለባት ጠርሙስ አወጣች፤ በክዳኑ እየቀዳች አንድ አንድ ክዳን አጠጣችኝ። አንዱ እስኪወርድ ሌላውን ሳትቀዳ ትጠብቃለች። ተራዋ ተጠርቶ እንኳ «ቆይ፣ ይቺን ይጨርስ» ብላ ነርሷን አስቆመቻት። ስሟን አልጠየቅኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነጭ፣ ኖራ የመሰለ ነገር አጠጡኝና ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ አየና ጉሮሮዬ ንጹሕ መሆኑን፣ ሕመሙ ከነርቭ ስለሆነ ወደ ነርቭ ክፍል መሄድ እንዳለብኝ ነገረኝ። ነርቭ ክፍል ማለት የእብድ ክፍል ማለት እንደሆነ አሰላም ያውቃል። ለዘነበች በላክሁላት ደብዳቤ «የጉሮሮ ክፍል አስተኝተውኛል» ብዬ ጻፍኩ። ልብ በሉ፤ መደበቁን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

የነርቭ ክፍሉ ሐኪም ፈረንጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ የሚተርፍ። መድኃኒቱ ንግግር ነው አሉኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን፦ ሐኪሙ፣ እኔና አስተርጓሚው ጋሽ በየነ። ጋሽ በየነ የክፍሉ አሮጌ ድሬሰር ናቸው፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ የመንዝ ሰው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሁለት መንኮራኩር ያለው ድምፅ መቅጃ ይዞራል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ዶክተሩ ጥናት ይዟል» አሉ ጋሽ በየነ። «ሐኪምና ሕመምተኛ ሲነጋገሩ ማን ምን አለ፣ ማን የት ላይ ዝም አለ፣ ከዝምታው በኋላ ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ይህን ሁሉ ያጠናል። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ፣ ወይዘሪት ሰብለ፣ እየሰማች ትጽፈዋለች። ካልፈቀድክ ይጠፋል።»

ፈቀድኩ። በልቤ ግን የአሰላ ደላላ በየቀኑ የሚሠራውን ነገር ለማጥናት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም ነበር አልኩ። በገበያ ሕግ ቀድሞ የተናገረ ይከስራል። ሐኪሙ ዝም ሲል እኔም ዝም አልኩ። መንኮራኩሩ ይዞራል። ሰውዬው ግን ገበያ ያደገ ይመስል ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ተፋጠጥን፤ በመካከላችን የሚሰቃዩት ዝምታ የማይችሉት ጋሽ በየነ ነበሩ፤ ያስላሉ፣ መነጽራቸውን ይወለውላሉ፣ አንዴማ ሁለታችንንም ስለ ዝናቡ ጠየቁን።

በአራተኛው ሳምንት እኔ ከሰርኩ። ሐኪሙ ስለ ጉሮሮዬ መጠየቁን ትቶ «በመጨረሻ በደስታ የበላህበት ቀን አብሮህ የበላው ማን ነበር?» አለኝ። ከድር ነበር። አጥንት ስንግጥ። ስለ ጥርሴ ነገርኩት፤ ስለ ተራዬ፣ ስለ ፎጣውም። ጋሽ በየነ ሲተረጉሙ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ሐኪሙ ምንም አልመከረኝም። «ይህን ለስንት ጊዜ ብቻህን ያዝከው?» ብቻ አለ።

የዚያን ማታ ዳቦ በሻይ ነክሬ ግማሹን በላሁ። ወረደ። አጠገቤ የተኛው ሰው «ምን ሆነህ ታለቅሳለህ?» ቢለኝ «ዳቦ በልቼ» አልኩት። የነርቭ ክፍል ስለሆነ አልገረመውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ እሸኝሃለሁ አለኝ ሐኪሙ። ዘነበች ወሯ ሳይገባ እደርሳለሁ ብዬ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

አሁን የምጽፈውን አንባቢ ከእኔ ቀድሞ ይወቀው፤ እኔ ያኔ አላወቅኩምና። ዘነበች በሰባተኛ ወሯ ምጥ መጣባት። ሁለት ቀን አምጣ ከነልጇ ሞተች። ደምሴ ቀብሯት ሲያበቃ አዲስ አበባ መጣ፤ እኔን ሳያይ ጋሽ በየነን ብቻ አግኝቶ «ገና መብላት መጀመሩ ነው፤ ይህን ከሰማ ጉሮሮው ይዘጋል፤ እስኪድን አደራ» ብሎ ለምኖ ተመለሰ። ጋሽ በየነ አደራውን ተቀበሉ። ጥፋታቸው፣ ጥፋት ከተባለ፣ ለሐኪሙ መንገራቸው ነው። ሰውዬው አውቆ በቃል እንዲጠነቀቅልኝ ብለው ነገሩት። ሐኪሙ ግን በአገሩ ከሕመምተኛ ምንም ስለማይደበቅ «ነገ እንነግረዋለን» አለ። አለቃ ነው። ጋሽ በየነ እምቢ አላሉም።

በማግስቱ ከሰዓት የሆነውን ወይዘሪት ሰብለ ከጻፈችው ላይ ነው የማስቀምጠው።

ሐኪሙ በእንግሊዝኛ፦ «አቶ ተሰማ፣ ከባድ ነገር ልነግርህ ነው። ባለቤትህ ሞታለች። በጣም አዝናለሁ።»

ጋሽ በየነ በአማርኛ፦ «ዶክተሩ ስለ ባለቤትህ ይጠይቃል። ከቤት መልእክት መጥቷል፤ ሰላም ብላሃለች።»

እኔ፦ «ተመስገን! እሷ ደኅና ካልሆነች ማን ሊጨቀጭቀኝ ነው?» ብዬ ሳቅኩ።

ጋሽ በየነ በእንግሊዝኛ፦ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይላል።»

ቃሉን ተረጎሙት፤ ሳቁን ግን ሊተረጉሙት አልቻሉም፤ ሐኪሙ በጆሮው ሰምቶታል። ከዚያ «አልቅሰሃል?» ሲል ጋሽ በየነ «እንቅልፍ ይወስድሃል?» አሉኝ። «እንደ ድንጋይ!» አልኩ። «ስለ እሷ ንገረኝ» አለ፤ ይህን ምንም ሳይለውጡ ነገሩኝ። እኔም ስለ ዘነበች የማውቀውን ቀልድ ሁሉ አወረድኩት፤ ጨው ስትገዛ ከነጋዴው ጋር እንዴት እንደምትጣላ፣ አንዴ ደግሞ ከእኔ ቆዳ ላይ ጨው አራግፋ ወጥ ስትሠራ እንደ ያዝኳት። እየሳቅኩ ነው የተነሣሁት። በበሩ ስወጣ ሐኪሙ እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ማያውቀው ፍጥረት አየኝ።

እንዲህ ሦስት ሳምንት ቆየን። ጋሽ በየነ በየጊዜው ሰላምታዋን ያመጡልኛል፦ «በልታለች»፣ «ጎረቤት አይለያትም»። እኔም መልእክት እሰድዳለሁ። «ወሯ ሲገባ ብቻዋን እንዳታድር በሏት» ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው «እሺ፣ እነግራታለሁ» አሉ። ዓይናቸው ሲያለቅስ አይቼ «ጋሽ በየነ፣ ትራኮማ እንዳይሆን፤ ቅባት ያድርጉበት» ብዬ መከርኳቸው።

ሐኪሙ ግን መሸኘቱን ተወው። ሚስቱ ሞታ የሚቀልድ ሰው ዳነ ሊባል አይችልም። ወደሚዘጋው ክፍል እንድዛወር፣ ሐሙስ ጠዋት ኤሌክትሪክ እንዲሰጠኝ ጻፈ። ይህ ራስን በኤሌክትሪክ የሚያንቀጠቅጥ ሕክምና ነው፤ የሚረዳቸው እንዳሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ለእኔ ግን ምክንያቱን የሚነግረኝ ጠፋ። ጋሽ በየነን ብጠይቅ «ያልፋል፣ ወንድሜ፣ ያልፋል» ብቻ ይሉኛል። ጉሮሮዬ ተመልሶ ተዘጋ።

ወይዘሪት ሰብለ ቴፑን የምትጽፈው ዘግይታ ስለነበር በዚያ በመርዶው ቀን ያልነውን የሰማችው ማክሰኞ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች። ሦስት ጊዜ መልሳ መላልሳ ሰማችው አሉ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ሳትሄድ ወደ ጋሽ በየነ ሄደች። ምን እንደተባባሉ እሷ ናት የነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ሰውየው እኮ አልሰማም።»

«አልሰማም፣ ልጄ።»

«ሐሙስ ኤሌክትሪክ ሊሰጡት ነው! በእርስዎ ምክንያት!»

«አውቃለሁ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ግን በከሰዓት፣ በባዕድ ቤት፣ ዘመድ አጠገቡ ሳይኖር፣ ያውም በሚዞር መሣሪያ ፊት ለሰው መርዶ ይነገራል? አንቺ ትናገሪዋለሽ?»

እሷም እናገራለሁ አላለችም። ይልቅ አብረው ሐኪሙ ዘንድ ገቡ። መጀመሪያ ጮኸ፤ እስከ ክፍላችን ተሰማ። «ጥናቱ ተበላሸ፣ ሕመምተኛው ተበደለ፣ እኔ ራሴ ተታለልኩ» አለ። ጋሽ በየነ ቆመው ሰሙት። ሲጨርስ «እውነት ነው። አሁን ግን በሥርዓቱ እናድርገው» አሉት። «ሥርዓቱ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስለዚህ ሰው ከሌላው ሁሉ በላይ የማከብርለት ይህችን ጥያቄውን ነው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ኤሌክትሪኩን ስጠብቅ በሩ ተከፈተ። ደምሴ ገባ። ከኋላው ሁለት የአሰላ ጎረቤቶቼ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው። በእኛ አገር ማለዳ፣ እንዲያ ለብሶ፣ ተሰብስቦ የሚመጣ ዘመድ አፉን መክፈት አያስፈልገውም።

«ማን ነው?» አልኩ።

ደምሴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትከሻዬን ያዘ።

«ደምሴ፣ ማን ነው?»

«እህቴ ናት» አለ። «ሚስትህ» ማለት አልቻለም።

«መቼ?»

«ሃያ ስድስት ቀኗ።»

ስንጮህ ክፍሉ ያሉት ሕመምተኞች ሁሉ ተነሡ፤ አንዳንዶቹ ማን እንደሞተ ሳያውቁ አብረውን አለቀሱ። ከዚህ የተሻለ ለቅሶ አሰላም አላየሁም። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ፣ የት እንደሚቆም ጠፍቶት ነበር። ጋሽ በየነ ክንዱን ይዘው ወለሉ ላይ ከእኛ ጋር አስቀመጡት። በዚያ ረጅም ጉልበቱ ተኮራምቶ እስከ ረፋዱ ተቀመጠ። ቴፕ አልነበረም፤ ማንም አልተረጎመለትም።

የዚያኑ ቀን ወደ አሰላ ወረድኩ። መቃብሯ ላይ አፈሩ ተደላድሎ ሣር መውጣት ጀምሯል። ሰው ሁሉ ለቅሶውን ጨርሷል፤ እኔ ነበርኩ ዘግይቼ የመጣሁት። እንደ ገና ድንኳን ቢተከልልኝም እዝን ይዘው የሚመጡት ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ስለነበር ያፍሩ ነበር። አርባዋን አወጣሁ። ከዚያ የከድር ሚስት ፋጡማ ቤት ሄጄ የጥርሱን ነገር ነገርኳት። «ፎጣውን በቀብሩ ቀን አንገትህ ላይ አይቼዋለሁ» አለች። «እስክትናገር ነበር የጠበቅኩህ።» ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ወተት ግን ሰጠችኝ፤ ጠጣሁት።

ወደ ሆስፒታሉ ተመልሼ ሁለት ወር ተጨማሪ ተነጋገርን፤ ጋሽ በየነ አሁንም ያስተረጉሙ ነበር። ሐኪሙ ሌላ ሰው ላምጣልህ ቢለኝ እምቢ አልኩ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እዋሽ ነበር፤ እኔማ ላሟ ወለደች ብዬ እጨምርበት ነበር። ግን አስታማሚ ወገኖቼ ስሙኝ፦ ሕመምተኛን አተርፋለሁ ብላችሁ ስትደብቁ፣ ሰውየው ባላወቀው ነገር ሌላ ሰው እየፈረደበት ሊሆን ይችላል። ሥርዓቱን ጠብቁ፣ ማለዳውን ጠብቁ፤ ሃያ ስድስት ማለዳ ግን አታሳልፉ። ሕመምተኞችም ሐኪም የማያየውን ነገር ይዛችሁ አትቀመጡ። እኔ ዛሬ እንጀራ እበላለሁ፣ ሥጋም እበላለሁ። ድኛለሁ። ከሕመም ወጥቼ ሐዘን ውስጥ ነው የገባሁት፤ ሐዘን ግን ይዋጣል፣ ቀስ ብሎ።

ልወጣ ስል ሐኪሙ ጠራኝ። የተቀዳው ንግግር ሐኪሞች እንዲማሩበት ወደ አገሩ ሊልከው ስለሚፈልግ ፈቃዴን ጠየቀ። ስሜ አይጠራም፤ ካልወደድኩ ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ይነበብልኝ አልኩ። ወይዘሪት ሰብለ ያን ቀን ያልነውን ገጽ አወጣች። እያንዳንዱ ሳል፣ እያንዳንዱ ዝምታ ተጽፏል። እኔ ስለ ጨው ባወራሁበት ቦታ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሕመምተኛው ይስቃል።» ዝቅ ብሎ፦ «አሁንም ይስቃል።»

«እዚህ ጋ አንድ ነገር ጨምሪልኝ» አልኳት። «አልተነገረውም ነበር ብለሽ ጻፊ።»

«ጋሽ ተሰማ፣ ጥናቱ የተባለውን ብቻ ነው የሚጽፈው» አለች ቀስ ብላ። «ያልተባለው አይገባም።»

«እንግዲያው ይህን የሚያነብ ሁሉ ሚስቱ ሞታ የሳቀ ሰው ነበር ብሎ ነው የሚያውቀኝ።»

ወደ ሐኪሙ ዞር ብላ ተናገረች። ሐኪሙ ጋሽ በየነን አየ፣ ጋሽ በየነ መሬት መሬት አዩ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀላት። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፈችልኝ፤ አንብቤ አየሁት።

«በቀለም አድርጊው» አልኳት።

በቀለም አደረገችው። ጋሽ በየነም ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ይህኛውን በትክክል እንደተረጎሙት ወይዘሪት ሰብለ አረጋግጣልኛለች። ፈረምኩ።